ሬዲሜድ ጉልበት

አባቴ ትራክተር ሲያስነዱኝ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ በቅጡ አይደርስም ነበር። አብደራፊ ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች በአንዱ ትራክተር ነጂ ነበሩ። መሪው ላይ ያስቀምጡኝና እሳቸው ከጎኔ ቆመው የጭቃ መከላከያውን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ለማወቅ በየጊዜው ፊታቸውን አያለሁ። «ወደ ፊት እዪ እንጂ፣ እኔን ምን ታያለሽ?» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ አድጌ የራሴን መኪና ስገዛ ከጎኔ መጀመሪያ የሚቀመጡት እሳቸው ለመሆናቸው አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጉልበት እንዲጨምር ሞተሯን ማስነካቴን ሲሰሙ ከእንግዲህ የሚሄዱበት ቦታ ካለ በአውቶቡስ እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

የምሠራው አሁን ከአባቴ ጋር በምንኖርበት መተማ ዮሐንስ ነው። ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ድንበሩን እንዲያልፍ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ እሮጣለሁ፣ መንገድ ካልተዘጋ በቀር በየቀኑ ገንዳ ውኃ ደርሼ እመለሳለሁ። ለዚህ ሥራና ለዚህ አቧራ ጤነኛ ሰው ፒክአፕ ይገዛል። እኔ ዝቅ ያለች፣ ባለ ቱርቦ፣ ኋላ ወንበሯ ላይ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው የሚያስብባት ቀይ መኪና ገዛሁ። ለምን ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ፈጣን ነገር እወዳለሁ። እሱም አልበቃ አለኝና ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር እየሰካ የሞተር ጉልበት የሚጨምር መካኒክ አለ ሲሉኝ ሄድኩ።

መካኒኩ ነገሩን ሳይደባብቅ አስረዳኝ። ሞተሩ ምን ያህል ነዳጅና አየር እንደሚወስድ የምታዘው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ትእዛዙ ከተለወጠ ያው ሞተር የበለጠ ይጎትታል። ትእዛዙን ግን እሱ አይጽፈውም። ውጭ አገር የተዘጋጀ፣ ለዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ አንድ የሆነ ፕሮግራም ነው የሚጭነው። እንደ ሬዲሜድ ልብስ በሉት፤ የለባሹን ቁመት ሳይለኩ ሰፍተውታል፣ ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ እጅጌው ይታጠፋል። አስጭኜ ስወጣ አዘዞን እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እግሬን ጫን ሳደርግ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

አባቴን ያስኮረፋቸው ይኸው ነው። በእኛ ቆላ ሞተር ማስነካት አዲስ ነገር አይደለም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ነጂው የናፍጣ ፓምፑን ብሎን ላላ ያደርግና ከልኩ በላይ ናፍጣ ያስገባበታል፤ ትራክተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ መረሬውን አፈር ይገለብጠዋል። ጭሱ በጠቆረ ቁጥር ነጂው ይኮራል። አባቴም በጉልምስናቸው እንዲሁ አደረጉ። ጎበዝ ተብለው፣ ከሁሉም በፊት አርሰው ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ዝናቡ መጥቶ ዘር ያልገባበት መሬት አረም ሲያበቅል ቆመው አዩት። ከዚያ ወዲህ በችኮላ የመጣ ጉልበት ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው ይላሉ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። ፓምፕ አልከፈትኩም ብል፣ ይቺ ቤንዚን ናት ብል፣ ሰሚ የለም።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግን አንድ በር ተዉልኝ። ሰሊጥ ሦስቴ ይታጨድ፤ እስከዚያ ድረስ ሞተሯ ሳይከፈት ከቆየ በገዛ እጃቸው ይፈትኑታል፣ ካለፈ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ፈተናው የድሮ ትራክተር ነጂዎች ፈተና ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይፈታና ተገልብጦ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያለቀ ሞተር ከሥር እየነፈሰ ክዳኑን ያስጨፍረዋል፤ ጤነኛ ከሆነ ክዳኑ ጨዋ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔም እልኸኛ የእልኸኛ ልጅ ነኝና እሺ አልኩ።

የግምሩክ በር ሰዎች በበኩላቸው የተጨነቁት በሌላ ነበር። ቀርበው የጭስ ማውጫውን አዩ፤ ጭስ የለም። ከባድ መኪና የሚነዱት ሁሉ መበላቴን አመኑ። ጭስ የሌለው ምን ጉልበት አለ እያሉ ሲያዝኑልኝ ሰነበቱ። የበሩ ዘበኛ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አመጣ። ቱርቦ ግሎ ሳለ ሞተር በድንገት ከጠፋ ዘይቱ እዚያው ይቃጠላል፤ ስለዚህ በደረስኩ ቁጥር ትንሽ ሳላጠፋት አቆያታለሁ። ዘበኛው በየቀኑ፣ እንደ አዲስ፣ ሞተር ማጥፋት መርሳቴን ሊነግረኝ ይመጣል። በመጨረሻ ማስረዳቱን ትቼ አመሰግነው ጀመር።

የመጀመሪያው በጋ ግን ኩራቴን አስተነፈሰው። መጋቢት ላይ፣ አየሩ ራሱ ከእሳት ላይ የወረደ በሚመስልበት ሰሞን፣ በርሜል ውስጥ የከረመ ቤንዚን ቀድቼ ወደ ጎንደር ስወጣ ዳገቱ መሀል ሞተሯ ጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጠቀጥ ጠጠር ያለ ድምፅ አሰማች። ደነገጥኩ። እግሬን አንስቼ በቀስታ አወጣኋት። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና ጥፋቱ የሞተሩ አለመሆኑን ነገረኝ። ያ ፕሮግራም የተሰፋው ለብርድ አገርና ለጥሩ ቤንዚን ነው፤ የእኛ ቤንዚን በእኛ ሙቀት ቀድሞ ይቀጣጠላል። የዚያው ፕሮግራም ታናሽ ወንድም አለ፤ ለደካማ ቤንዚን የተዘጋጀ፣ ጉልበቱ ቀነስ ያለ። እጅጌው ታጠፈ ማለት ነው። ቅር እያለኝ አስለወጥኩት።

ይህንን የማወራው ፈጣን መኪና ያላቸው ልጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ስለሆነ ነው፤ ሬዲሜድ ፕሮግራም ሞተር ይጨርሳል ወይ ይሉኛል። እኔ በየቀኑ ነድቼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ሞተር የሚጨርሰው እግር ነው። በርሜል ውስጥ ከርሞ ጠረኑ የተለወጠ ቤንዚን አልቀዳም፤ ከቀዳሁም ቤንዚኑ እስኪያልቅ እንደ አሮጊት እነዳለሁ። ዘይት መጽሐፉ ከሚለው በፊት እቀይራለሁ። ካንዴላ ሳይለምነኝ እለውጣለሁ። በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ሌላ አገር የሌለ ጣጣ አለ፤ የሰሊጥ ገለባ ከአቧራው ጋር ተለውሶ የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር እንደ ጭቃ ቤት ይለስነዋል። ፊልትሮ እያራገፍኩ ያንን ገለባ በውኃ ሳጥብ ያየችኝ ጎረቤቴ፣ ባል ባገባ እንዲህ አድርጌ እንደማልይዘው ነግራኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ሁለተኛው አጨዳ ሳያልቅ መኪናዋ ቆመች። ገበያ መሀል፣ አብርሃ ጅራ ሊሄዱ የተኮለኮሉ የቀን ሠራተኞች እያዩኝ፣ ሞተሩ ይጮሃል መኪናዋ ግን አትሄድም። ተገፍታ ጋራዥ ገባች። ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ደረሰ፤ ያቺ ቀይ መኪና ሞተሯ ተቃጠለ ተባለ። አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው በዚያ ፀሐይ ጋራዡ ድረስ መጡ። ሰላምታም አልሰጡኝ። ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ። የወረደው ካምቢዮው ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ለተጨመረው ጉልበት የተሠራ አይደለምና ተልጦ አልቆ ነበር።

«ሞተሩ አልተከፈተም?» አሉ።

አልተከፈተም አልኳቸው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። የፈለጉት ሞተሩ እንዲሆን ነው ብዬ ያን ቀን በጣም ተናደድኩባቸው። ጠንካራ ፍሪሲዮን አስገባሁና መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሦስተኛው ሰሊጥ ታጭዶ፣ ሂላው፣ የነዶው ክምር፣ ቆሞ፣ ተራግፎ፣ የጫኑት መኪናዎች መንገዱን ሲሞሉት የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ጎንደር ላይ እንዲሆን ቀኑ ተቆረጠ። አባቴ የአውቶቡስ ነገር ማንሳት ጀመሩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ክዳኑ ከጨፈረ አባቴ ጉልበታቸው እያመማቸው ለልጃቸው ሠርግ በአውቶቡስ ተጨናንቀው ይሄዳሉ፣ እኔም ከኋላቸው ባዶ ወንበር ይዤ እነዳለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር ጉልበት ከእሳቸው ጋር የማወራው ነገር አይኖረኝም።

በጉዞው ጠዋት ሞተሩን ሳላሞቀው ክዳኑን ልፈታ ስል ከለከሉኝ። ቀዝቃዛ ሞተር ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ገንዳ ውኃ ደርሰሽ ነይ አሉኝ። ደርሼ መጣሁ። በራችን ላይ ጎረቤቴ፣ የግምሩኩ ዘበኛ፣ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ቆመዋል፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ዘበኛው ለአንድ ጊዜ እንኳ አጥፊው አላለኝም። አባቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ክዳኑን ፈቱት፣ ገለበጡት፣ ቀዳዳው ላይ አኖሩት።

ክዳኑ ሲቀመጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ቀጥ አለ። አባቴ ነዳጅ ስጪው አሉኝና ሰጠሁት፤ ክዳኑ ቁጭ እንዳለ ነው። እንደገና አሉኝ። ምንም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ ጨርቁን አይተው ዘይት ሳይረጭበት ነጭ መሆኑን ለሾፌሮቹ አሳዩአቸው። ክዳኑን መልሰው አጠበቁ።

«ተማም» አሉ።

ከሱዳን ነጂዎች ጋር ሲሠሩ የለመዱት ቃል ነው፤ ደህና ነው ለማለት። ለሞተር እንጂ ለሰው ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቴ እልል አለች፣ ሾፌሮቹ ሳቁ፣ እኔ ግን የሠርግ ልብሴን እንደለበስኩ የጭቃ መከላከያዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አባቴ ለቅሶዬን እንዳላዩ ሆነው ካቦርታቸውን አስተካከሉ፣ በሩን ከፈቱ፣ ከጎኔ ተቀመጡ።

ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ዓይናቸው ከሙቀት መለኪያው መርፌ አልተነቀለም። ሰሊጥ የጫኑትን መኪናዎች አንድ በአንድ እያለፍን ወጣን። መርፌው ንቅንቅ አላለም። አጋማሽ ላይ ስንደርስ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉልበቷ ይኸ ነው? ጨመር አድርጊላት እንጂ» አሉኝ።

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ግን እንቢ አልኳቸው። «ዳገት ላይ አልጨምርም፣ አባባ። ሞቃለች» አልኩ። ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ያ ሞተሩ የነከሰ ትራክተር ላይ እሳቸውን እንዲህ እንቢ የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

አይከልን አለፍን። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ዳገቱ አለቀ፣ ፊት ለፊታችን አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ማንም የሌለበት ሆነ። አባቴ መንገዱን አዩ፣ መርፌውን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ከበላያቸው ያለውን መያዣ ጨበጡ። ማርሽ ቀነስኩና እግሬን ጫንኩ። ቱርቦው ሲያፏጭ ተሰማ፣ ወንበሩ ሁለታችንንም ወደ ኋላ ጎተተን። ከአባቴ ጉሮሮ እንደ ልጅ ሳቅ ያለ ነገር ወጣ። ፊታቸውን ለማየት ዞር አልኩ።

«ወደ ፊት እዪ እንጂ» አሉኝ እየሳቁ፣ «እኔን ምን ታያለሽ?»