የገዛ ጽሑፉን ሰረቀ ለተባለው ለታረቀኝ

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ አንድ ሰው ውሸት ነው ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል የታረቀኝ ወንድም ከአገራቸው ከቡሌ ደወለና "ታረቀኝ አረፈ" አለኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ "የቱ ታረቀኝ?" ብዬ ጠየቅሁት። ስንት ታረቀኝ ነው የማውቀው!

ለማታውቁት፣ ታረቀኝ ዋቆ ዲላ ውስጥ አብሮኝ አማርኛ ያስተምር የነበረ መምህር ነው። ጨጓራ ነው እያለ ሲያስታምመው የከረመው ሕመም ጨጓራ አልነበረም። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። የነበረው አንድ ጥናት ነው፤ እሱንም ነጠቁት። የምጽፈው ስለዚያ ነው፣ ደስ የማይለው ይለፈኝ።

ታረቀኝ ወሬ አይወድም ነበር። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብለን አንዱ "ደመወዝ ሊጨመር ነው አሉ" ሲል፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "እስቲ ሊንኩን ላክልኝ!" ይላል። እገሌ እገሊትን ሊያገባ ነው ሲባልም ያው ነው፦ "ሊንክ አለው?"

እንስቅበት ነበር። ግን መደርደሪያው ባዶ በሆነ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆቹን በስልክ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ያስተማራቸው እሱ ነው። "ያገኛችሁትን ሁሉ አትመኑ፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው በሉ" ይላቸው ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ያወረደውን በፍላሽ እየገለበጠ ያድላቸዋል።

ሁለተኛ ዲግሪውን በክረምት ሌላ ከተማ ይማር ነበርና፣ የመመረቂያ ጥናቱን በቡሌ ሴቶች የለቅሶ ግጥም ላይ አደረገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሌ እየወጣ በስልኩ ይቀዳል፣ ከጌዴኦኛ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱንም ብሎጉ ላይ ይለጥፋል።

"ሳትመረቅ ለምን ታወጣዋለህ?" አልኩት አንድ ቀን።

"አንቺ ደግሞ! የሰው ለቅሶ ደብቄ ልያዝ እንዴ? ባለቤቶቹ ይዩት እንጂ" አለኝ።

አንዴ አብሬው ሄጃለሁ። ጭቃው ጫማዬን አስቀርቶት፣ ብርዱ አጥንቴን ሰብሮት ደረስን። ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት የገጠሙትን ከስልኩ በቋንቋቸው አነበበላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ትክ ብለው እያዩ አንድ ነገር አሉት። እሱ ተረጎመልኝ፦ "ይሄ ስልክ ልጄን የት ያውቀዋል? ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?"

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ታረቀኝ እዚያው ቁጭ ብሎ ስማቸውን ከግጥሙ በላይ ጻፈ።

ከዚያ አንድ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ብሎጉን እንዳለ ገልብጦ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ጫነው። የእናቶቹን ስም አጠፋ፣ የታረቀኝንም አጠፋ። ታረቀኝ አይቶት ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ያነበዋል።" የዋህ!

ጥናቱን ለዩኒቨርሲቲው ሲያስገባ፣ ስርቆት በሚፈትሸው ሶፍትዌር አሳለፉት። ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ ወጣ። ከራሱ ብሎግ ጋር ተመሳሰለ፣ ከሌባው ገጽም ጋር ተመሳሰለ። የጥናቱ አማካሪ ያንን ብሎግ ከተጀመረ ጀምሮ ያውቁታል። "የልጁ ነው" ብለው አንድ መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን "ብሎግህን አጥፋው፣ ይጸዳልሃል" አሉት።

አጠፋው። ሰው ሁሉ ምንጭ እንዲያጣራ ሲመክር የኖረ ሰው፣ ለሹም መታዘዝ ለምዶበት፣ የገዛ ምስክሩን በገዛ እጁ አጠፋ።

ሁለተኛ ሲፈትሹት አሁንም ቀይ ነው። አሁን ግን የቀረው የሌባው ገጽ ብቻ ነው፤ ቀኑም ከታረቀኝ ጥናት ይቀድማል። "የኔ ነው" ቢላቸው "ሊንኩ የታለ?" አሉት። "የቀዳሁት ድምፅ አለ" ቢል "ማሽኑ ድምፅ አያነብም" አሉት። "አጥፋው ያሉኝ እርስዎ ነዎት" ቢላቸው አማካሪው "አላስታውስም" አሉ። አባረሩት።

ዲላ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። እነዚያው ያስተማራቸው ልጆች "ኮፒ ፔስት" የሚል ስም አወጡለት። ሰሌዳ ላይ ጽፈው ጠብቀውታል። አጥፍቶት ማስተማሩን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ግን ቡሌ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ሲሄድ ስልኩን ቤት ትቶ ነው።

ይሄ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ ዛሬ አማካሪው እዚሁ ፌስቡክ ላይ የታረቀኝን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፈዋል። "ትጉህ ተመራማሪ አጣን" ይላሉ። ከሥሩ ግጥም አለ፦

ደጁን ጠርጌ ነበር የጠበቅሁህ እኔ፣
በሰው ትከሻ ሆነህ መጣህልኝ ወይኔ።

ሰው "እንዴት ያለ ግጥም ነው፣ ዶክተር!" እያለ ያለቅሳል። ጌታዬ፣ ይህ የእኚያ የቡሌ እናት ለቅሶ ነው፤ ትርጉሙ የታረቀኝ ነው። ሌብነት ነው ብላችሁ የጣላችሁት ጥናት ውስጥ አለ። የሁለቱንም ስም አልጻፉም። አስተያየት መስጫው ላይ ጠየቅኋቸው፣ ብሎክ አደረጉኝ። የሞተን ሰው ሁለቴ መዝረፍ ምን ይባላል? አዛኝ ቅቤ አንጓች!

ታረቀኝ፣ አሁን ስምህን ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ከጻፍከው አንድ መስመር አልወጣም። የወጣው የሳቸው ሻማ ነው።

ነገ ቡሌ እመጣለሁ። አጽናናሃለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ ስምህ ሳይጠራ ነው የሄድከው። በቁምህ እየማልክ "የኔ ነው" ስትላቸው ማስረጃ አምጣ ያሉህ ሰዎች፣ መሞትህን ሲሰሙ ግን ማንም ማስረጃ አልጠየቀም። ወዲያው አመኑህ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።