የወይዘሮ ዘይቡ ክስና በጠርሙስ ውስጥ የተፈለፈሉት የእሳት እራቶች

ዛሬ ሰኔ 5 ቀን 1973 ዓ.ም. እኔ ዳምጤ ሆሴዕ አኒሎ፣ በሰርቦ አጠገብ የሚገኘው የገበሬ ማኅበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ አባል፣ ስለ መጋዘን ጠባቂያችን ስለ ወይዘሮ ዘይቡ አባ መጫ ይህን ጽፌአለሁ።

ወይዘሮ ዘይቡ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቡና እየለቀሙ በቆሎም እያረሱ ይኖራሉ። እንደ አገሩ ልማድ የዘር በቆሏቸውን ከነሽፋኑ ከምድጃ በላይ ሰቅለው በጭስ ያቆዩ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ የሁሉም አባል ዘር ተፈልፍሎ ወደ ማኅበሩ የቆርቆሮ መጋዘን እንዲገባ ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ ለእርሳቸው ተሰጠ።

በሚያዝያ መጋዘኑ ለዘር ሲከፈት አብዛኛው ፍሬ ክብ ቀዳዳ ያለውና ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በጆንያዎቹ ላይ አመድማ ትናንሽ የእሳት እራቶች ይርመሰመሱ ነበር። ጥሩውን ዘር ሸጠው በብልሹ ለውጠዋል ብዬ በማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ከሰስኋቸው። ፍርድ ሸንጎው ጥፋተኛ ቢላቸው መታሰራቸው አይቀርም ነበር።

«በሩ ተቆልፎ ከነበረ እነዚህ ነፍሳት በየት ገቡ?» አልኋቸው።

«አልገቡም፣ ወጡ እንጂ። ማሎ፣ ኧረ እባክህ ጓድ ዳምጤ፣ በቆሎ ሸጬ የእሳት እራት የምገዛ ይመስልሃል?»

ሸንጎው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ገና ማሳ ላይ ሳለ እንቁላሏን ትጥልበታለች» አሉ። «ትሉ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይበላል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ጭሱ ያርቃት ነበር፣ ዋላሂ! ከጭሱ ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ማስረጃ ያቅርቡ።»

«ጠርሙስ አምጣና አንተው ጠብቅ። ሰው ከመጠበቅ ይሻልሃል።»

የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ነጋሳ ክሱን ለአርባ ቀን ቀጠሩት። እኔም ከጆንያው መቶ ያልተበሱ ፍሬዎችን በእጄ መርጬ ጠርሙስ ውስጥ ከተትሁ። አፉን በሻሽ አስሬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። በየጠዋቱ እየከፈትሁ አየሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን የአንዳንዱ ፍሬ ቆዳ በአንድ ቦታ ሳስቶ እንደ ትንሽ መስኮት ብርሃን አሳለፈ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ የእሳት እራት ያንን ገፍታ ወጣች። ምንም ስትበላ አላየሁም። ከወጣች በስምንተኛው ቀን ሞተች።

ትናንት ጠርሙሱን በሸንጎው ፊት ፈታሁት። ወይዘሮ ዘይቡ ነጻ ወጡ። ቁልፉን መልሰው እንዲይዙ ቢጠየቁ «ለጓድ ዳምጤ ስጡት፣ እርሱ እንቅልፍ የለውም» ብለው ሄዱ።

ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ ፍሬዎቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። የተበሱት ስልሳ ሦስት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው። የእሳት እራቶቹም ስልሳ አራት ናቸው።