ብዙ የምትጠይቀው ልጅ

የስደተኛ ካርዴን ቤት ረስቼ ነበር። ካርቱም ውስጥ ከአል-ሳሃፋ ሰፈር ተሳፍሬ ኦምዱርማን ስወርድ ፖሊሶች ያዙኝና ከሌሎች ሐበሾች ጋር ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ። ያስገቡን ክፍል ለአሥር ሰው ይበቃ ይሆናል፤ እኛ ሃያ ሦስት ሴቶች ነበርን። ወለሉ ያቃጥላል፤ ሽንት ቤቱ በር የለውም።

አጠገቤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ተቀመጠች። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝና ጥያቄዋን ጀመረች።

«እትዬ፣ ባለቤት አለዎት? ቤታችሁ የት ነው? ከአገር ለምን ወጡ?»

እኛ በፖለቲካ የተሰደድን ሰዎች እንዲህ የሚጠይቅ ሲገጥመን ወዲያው ሰላይ ነው እንላለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን ነው የኖርነው። ባለቤቴን ደግሞ የአገራችን መንግሥት ሰዎች ይፈልጉታል፤ በየፖሊስ ጣቢያው ዞሮ ሊያፈላልገኝ እንኳ አይችልም። ዳቦውን መለስኩላትና ፊቴን አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛው፣ ካርድ የሌለው ሁሉ እሁድ ወደ ድንበር እንደሚላክ ነገረን። የዚያኑ ዕለት የልጅቷ አሠሪ ልታስፈታት መጣች።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ መዳም መጥታለች» አለችኝ ልጅቷ። «ቤትዎን ይንገሩኝ፣ መልእክት ላድርስልዎት።»

አገሬ ሳለሁ ሥራዬ የተጨነቁ ሰዎችን ማማከር ነበር። «ያየሽውን እዚህ ጻፊ፣ ከራስሽ የጨመርሽውን እዚያ» እያልኩ ስንቱን ወረቀት አስሞልቻለሁ። ሐሳብ ስሜትን ይወልዳል፣ ስሜትም አድራጎትን፤ ለሌላው ስነግረው ቀላል ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ያየሁት ዳቦዋን ያካፈለችኝን ወሬ ወዳድ ልጅ ነው። ሰላይነቷን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ብሳሳት ባለቤቴን አስበላዋለሁ። ዝም ብል እሁድ ድንበር ነኝ።

«ዳቦሽን የመለስኩት ጠርጥሬሽ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ማሌሽ እትዬ፣ ግድ የለም፣ ገብቶኛል። እኔ ዝም ስል ስለምፈራ ነው የምለፈልፈው።»

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ከነፍርሃቴ ሰፈሩን፣ ሱቁን፣ የበራችንን ቀለም ነገርኳት።

«ኢንሻአላህ ዛሬውኑ!» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ባለቤቴ የላካት ጎረቤታችን ካርዴን ይዛ መጣች፤ ተፈታሁ።

ከዚያ ወዲህ ካፉሪ በሄድኩ ቁጥር በየቪላው በር የቆሙ የአገሬን ልጆች ፊት አያለሁ። ላመሰግናት እፈልጋለሁ፤ ግን ማን ብዬ ልጠይቅ? እሷ ስለ እኔ ያልጠየቀችው ነገር የለም። እኔ ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።