«ምንም የለም» የሚል ተመራማሪ ፍለጋ

ዲላ ላይ ዝናብ ሲጥል የቢሮዬ ቆርቆሮ ሰው አያደማምጥም። እንዲህ ሲሆን ሥራዬን አቁሜ፣ መረጃን በቁጥር የሚመረምር ሰው ፍለጋ የተነሳንበትን ጊዜ አስባለሁ። ይናፍቀኛል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ተከፍታልን ነበር። የምናጠናው ቡናም ወባም አልነበረም፤ ራሳችንን ነበር። ተመራማሪዎቻችን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው በቁጥር አይተን የምርምር ባህላችንን እናሻሽላለን ብለን ተነሳን። ለዚህ ስሌት የሚችል ሰው ያስፈልገን ነበር፤ ለእኔ ግን ስሌት መቻል ብቻውን አይበቃም። እዚህ አገር ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ሄዶ «በሁለቱ ነገሮች መካከል ግንኙነት አላገኘሁም» ካለ፣ አማካሪው «ሂድና ፈልግ» ብሎ ይመልሰዋል። እሱም ይሄዳል፤ ያልተመቸውን መልስ እየጣለ መልሶ መላልሶ ያሰላል፤ በመጨረሻም ያገኛል። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው። እኔ የምፈልገው ከሌለ የለም የሚል ሰው ነበር። እሱን ካጣን ክፍሏ ብትዘጋ ይሻላል ብዬ ነበር።

ስለዚህ ለመቅጠሪያው ፈተና መረጃውን ራሴ በዘፈቀደ ደባለቅኩት። ውስጡ የሚገኝ ምንም ግንኙነት አልነበረም። ጥያቄው አማካሪውን ቶሎ ቶሎ የሚያገኝ ተማሪ ትምህርቱን ቶሎ ይጨርሳል ወይ የሚል ነው። አብሮኝ የሚፈትነው ባልደረባዬ «ይሄ ተንኮል ነው» አለኝ። አዎ፣ ተንኮል ነበር።

ተፈታኞቹ ጎበዞች ነበሩ። አንዱ በሴት ተማሪዎች ላይ ብቻ ግንኙነቱን አገኘ፤ ሌላው ከገጠር በመጡት ላይ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ደግሞ ለሚኒስቴር የሚላክ ምክረ ሐሳብ ጨመረበት። ባልደረባዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የማየው የራሴን ወጣትነት ነበር።

መጨረሻ ላይ ከጨለለቅቱ በሞተር የመጣች ልጅ ገባች። ዝናቡ አልማራትም፤ ጫማዋን በር ላይ አጥባ ነው የገባችው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን አገኘሽ?» አልኳት።

«ዶክተር፣ ምንም የለም። ደጋግሜ አይቻለሁ፣ የለም። ሥራውን ግን በጣም እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ አንድ ነገር ፈልገሽ አታመጪም?»

«ከየት አባቴ ላምጣው?» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

በደስታ አልቅስ አልቅስ አለኝ። ቀጠርናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ምርጡ ጊዜ ነው። ከቤቷ የምታመጣውን ቆጮ በአንድ ጠረጴዛ እየቆረስን ስንከራከር እንውል ነበር። «ዶክተር» መባሌ ቀርቶ «ጋሼ» ሆንኩ።

ለወጣት መምህራን ያዘጋጀሁት ሥልጠና ነበር። የምርምር አሠራራቸውን ይለውጣል ብዬ በየስብሰባው የምኩራራበት፣ እንደ ልጄ የማየው ነገር። ውጤቱን እንድትመዝን ለእሷ ሰጠኋት። አንድ ቀን መጥታ በር ላይ ቆመች። የፈተናው ቀን የነበራት ፊት ነው ያላት።

«ጋሼ፣ የሠለጠኑትም ያልሠለጠኑትም አንድ ናቸው። ምንም የለም።»

«ሂጂና ፈልጊ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ይህንን ቃል የሚያጠፋልን ሰው ፍለጋ ነበር ያን ሁሉ ተፈታኝ ያስቀመጥኩት። እሷ ወረቀቷን እንደያዘች ትጠብቃለች፤ እንደዚያን ቀን ፈርታለች፤ እንደዚያን ቀን ከቃሏ አልተንቀሳቀሰችም።

«ግቢና ተቀመጪ፤ እንዳለ እንጽፈዋለን» አልኳት። እንዳለ ጻፍነው።

አሁን ለዶክትሬት ርቃ ሄዳለች። ቢሮዬ የሚገባው ሁሉ ሥራዬን ያመሰግናል፤ እኔ ደግሞ ምስጋናውን አላምነውም። ዘንድሮ እንደገና የቅጥር ማስታወቂያ አውጥተናል። መረጃውን ደባልቄ እየጠበቅኩ ነው።