ምንም ነገር እንዳይንጠለጠል

ሆሳዕና ውስጥ «ጠላቂ ነኝ» የሚል ሰው ቀጥሎ የሚመጣበትን ጥያቄ ያውቀዋል። ሐዳሳማ ሰልችቷት መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች። ባጃጅ ውስጥ፣ ልቅሶ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር «እዚህ የት ባሕር አለና?» ይሏታል።

መጥለቅ የተማረችው ግድብ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ ነው። በኋላም ሞምባሳ ተልካ በጥልቅ ውኃ ውስጥ መሥራትን ሠለጠነች። ሥራው ሲያበቃ ወደ ሆሳዕና ተመለሰች፤ ታናሽ ወንድሟን አሞጽን ራሷ አሠልጥና ወንዝና ሐይቅ የዋጠውን ዕቃ ማውጣት ጀመሩ።

አምና ከሀቢቾ የገበሬዎች ማኅበር ሰዎች መጡ። አዲስ የወፍጮ ሞተር ከማዶ በጀልባ ሲያሻግሩ፣ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ጀልባው ተገልብጦባቸዋል። ሰዎቹ ዋኝተው ሲወጡ ሞተሩ ሰጥሞ ቀረ። ቦታው ጥልቅ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ሳይቆረጥ የቀረ ደን ከሥር እንደቆመ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች የጣሉት መረብም በየቅርንጫፉ ተጠላልፏል። ደግሞ ከእንዲህ ያለ ጥልቀት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም፤ መንገድ ላይ እየቆሙ ሰውነት የያዘውን ጋዝ ቀስ አድርጎ ማስወጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐዳሳ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፤ የሚለበሰው ሁሉ ከሰውነት የተጣበቀ ይሁን፣ ምንም ነገር አይንጠልጠል።

አሮጌው ዕቃቸው አልቆ ስለነበር አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ዘንድ ሄዱ። መከራዋ የተጀመረው እዚያ ነው። አሞጽ ኪሱ የበዛ ሰፊ ጃኬት ለብሶ መስታወት ፊት ይገላበጣል።

«ይሄ ነው እንጂ! ኪሱን አየሽው?»

«አውልቀው።»

«ሳታዪው?»

«አይቼዋለሁ። መረቡም ያየዋል።»

እሷ የመረጠችው ጀርባ ላይ የሚያርፍ የብረት ሰሌዳ፣ መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ማሰሪያና ሁለት የአየር ሲሊንደር መሃል ገብቶ የሚሸጎጥ ጠባብ የአየር ከረጢት ነበር። ረጅሙ የመተንፈሻ ቱቦ በደረት ዞሮ አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ አጭሩ ከአገጭ ሥር ይቀመጣል። ይህን ስታስተካክል ዞር ብላ ብታይ አሞጽ ትልቅ ቢላ እግሩ ላይ አስሯል፣ ሦስት መብራት ሰብስቧል፣ ጭራሽ መነጽሩ ጎን የላይ መተንፈሻ ቱቦ ሰክቷል።

«ይሄስ ለምንድን ነው?»

«ላይ ስንንሳፈፍ ለመተንፈስ።»

«ቅርንጫፍ ለመጎተት በለኛ! ኧረ በጌታ፣ አሞጽ!»

ሻጩ ደግሞ በመሃል ገብቶ «እህቴ፣ ሮዝም አለው» አላት።

ቤት ሲመለሱ የማሰሪያውን ትርፍ ጫፍ ሁሉ ቆረጠች። ከመረብ መቁረጫዋ ላይ እጅ የሚገባበትን ክር እንኳ በጠሰች። አሞጽ መጠባበቂያ መቁረጫ ልያዝ ቢላት «አንድ አንድ ይበቃናል፤ እሱን ቤት አስቀምጠው» ብላ አፉን አስዘጋችው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጴጥሮስ ዕቃቸውን አይተው ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ብቻ ነው? ባለፈው ያመጣነው ሰውዬ እንደ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ ነበር የገባው።»

«ሞተሩን አወጣው?»

«የለም። ግማሽ ዕቃውንም እዚያው ጥሎት ወጣ።»

«እንግዲያውስ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከሥር ውኃው ጭቃማ ነው፤ መብራታቸው ከክንድ እምብዛም አያልፍም። ዛፎቹን እየዳሰሱ ሞተሩን አገኙት። ገመድ አስረውበት፣ በአየር የሚነፋውን ማንሻ ከረጢት አገናኝተው ሲጨርሱ ሐዳሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ከጀርባዋ የሆነ ነገር ያዛት። ናይሎን መረብ የሲሊንደሩን መክፈቻ ጠምጥሞታል። የተንጠለጠለ ነገር አይደለም የተያዘው፤ መክፈቻውን ደግሞ ከሲሊንደሩ ነቅሎ መጣል አይቻልም። መቁረጫዋን መዝዛ ወደ ኋላ ስትልክ በቅዝቃዜ ከደነዘዙት ጣቶቿ አመለጣት። ክር የለውም። ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ሐዳሳ መታገሏን አቆመች፤ በታገለች ቁጥር መረቡ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ትንፋሿን ለማብረድ እየሞከረች አሞጽ እንዲያያት መብራቷን ወዘወዘች። የአሞጽ መቁረጫ ሞተሩ ላይ ገመድ ሲቆርጥበት ስለቱ ዶልዱሟል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ እምቢ አለው። ከዚያ የጭኑን ኪስ ከፍቶ፣ ቤት አስቀምጠው የተባለውን አወጣ። ጥቂት ጊዜ ቆርጦ አላቀቃት። ከመነጽሩ ጀርባ ዓይኑ ሲስቅ አየችው።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ሲወጡ ጋዙ እስኪለቃቸው ገመዱን ይዘው ፊት ለፊት ረጅም ጊዜ መቆም ነበረባቸው። በዕድሜዋ እንዲያ ተናዳ አፏ በመተንፈሻ የተዘጋበት ጊዜ አልነበረም።

ላይ ሲወጡ አሞጽ መተንፈሻውን ከአፉ አወጣ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ዝም በል!»

«ኪሱም ተዘግቶ ነበር። ምንም አልተንጠለጠለም።»

ሊቀጥል ሲል ማሰሪያዋን መፍታት ሲያቅታት አየና ቀልዱን ተወ። ቀረብ ብሎ ፈታላት። «አንተ ባትኖር…» ብላ ጀመረችና፣ «መነጽርህን እጠብ» አለችው።

ሞተሩ ጭቃ እየተፋ ዳር ሲደርስ ሰው ሁሉ ገመድ ላይ ተረባረበ። አቶ ጴጥሮስ በሀድይኛ ጸለዩ፤ ሴቶቹ ከቡላ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ አታካና አቀረቡ። ሐዳሳ ከአሞጽ ጎን ተቀምጣ በላች።

በሳምንቱ ባለክር ሁለተኛ መቁረጫ ግራ ማሰሪያዋ ላይ ሰፋች። አሞጽ አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ቀሰረችበት።

«አንድ ቃል ብትናገር ብቻ!»