በታኅሣሥ የተቆረጠው እንሰት

አፌ አያርፍም። ይህን እናቴም፣ ባሌም፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ብዙ ጣጣ ውስጥ ከትቶኛል፤ በእንሰቱ ጉዳይ የከተተኝን ያህል ግን የለም።

የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ትንሽ ራመድ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ግቢው መሐል አንድ ትልቅ እንሰት ቆሟል። አዎ፣ እንሰት። እዚህ አገር ለጌጥ ነው የሚተክሉት፤ በየሀብታሙ ደጅና በየሆቴሉ በር ላይ ቅጠሉን ዘርግቶ ይታያል፤ ቆጮ የሚባል ነገር እንደሚወጣው የሚያውቅ የለም። ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን ባሌ ስለ ፓርኪንግና ስለ ዲፖዚት ሲጠይቅ እኔ ግንዱን እያሻሸሁ ነበር። ያደግሁት ጉራጌ አገር ነው፤ ቤታችን ዙሪያውን በእንሰት የተከበበ ስለነበር የጠዋቷን ፀሐይ የማያት በቅጠሎቹ መሐል ነበር። መኝታ ቤቱን እንኳ ሳላይ "እንከራየዋለን" አልኩ። ባሌ እስከ ዛሬ "ኪራይ የምንከፍለው ለእንሰቱ ነው" ይላል።

እንሰቱን የተከሉት የፈረንጁ አከራያችን ሚስት ናቸው። በትንሽ የአበባ ማስቀመጫ ገዝተው አምጥተውት፣ እኛ ስንገባ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት በላይ ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልና ሚስት መሰላል አቁመው ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። እሳቸው ከላይ፣ ባላቸው ከታች ሆነው፣ እየተጨቃጨቁ። እኔ ቡናዬን ይዤ በመስኮት ሳያቸው ሳቄ ይመጣል። እኛ አገር እንሰት ይፋቃል እንጂ ፊቱ አይታጠብም።

ከእኛ ጎን ያሉት እትዬ ግን እንሰት የሚለውን ስም አይወዱም። ለእሳቸው ኮባ ነው፤ ጥቅሙም አንድ ብቻ፣ ድፎ ዳቦ መጋገሪያ። ከአከራያችን ሚስት ጋር ውል ነበራቸው። በፋሲካ ዋዜማ አንድ ቅጠል ይቀበላሉ፣ በፋሲካ ጠዋት አንድ ቁራጭ ዳቦ ይሰጣሉ። የፈረንጇ ደስታ ዳቦውን መብላት ብቻ አልነበረም። ገልብጠው ከሥሩ የታተመውን የቅጠል መስመር ያዩና "የኔ ተክል ፈርሞበታል" እያሉ ለባላቸው ያሳያሉ።

የአከራያችን ሚስት በሁለተኛው ዓመታችን ሞቱ። እትዬ ከዚያ በኋላ ቅጠል መጠየቅ ተዉ፤ "ሐዘንተኛ ሰው ደጅ ቆሜ ለዳቦ ቅጠል ቁረጡልኝ ልበል?" ብለው በፎይል መጋገር ጀመሩ። ድርቁ የጠናበት ጊዜ ነበር። ግቢ ማጠጣት የሚፈቀደው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ሳሩን እያስነሳ ጠጠር አፈሰሰበት። ሽማግሌው አከራያችን ግን ገላቸውን የታጠቡበትን ውሃ በባልዲ እያጠራቀሙ፣ ጠዋት ጠዋት እያነከሱ ለእንሰቱ ይወስዱለታል። አንጀቴን ይበሉታል።

በአንዱ መስከረም ቀና ብዬ ሳየው፣ ከጫፍ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ማጠርና መጥበብ ጀምረዋል። ይህን ምልክት ከእናቴ ጓሮ አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ባልዲያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ይኸውልዎት፣ ሊያብብ ነው" አልኩኝ በእንግሊዝኛዬ።

ፊታቸው በራ። "ባለቤቴ ይህን ነበር የምትጠብቀው" አሉኝ። "አበባውንና ሙዙን።"

"ሙዝ የለውም። ፍሬው ድንጋይ የመሰለ ዘር ነው። ደግሞ አንዴ ካበበ ይሞታል፤ እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ አይተካም።"

ምን አቀበጠኝ! ሰውየው ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። አንድ ሰው ሚስቱን ከቀበረ በኋላ የቀረችውን ተክሏን በባልዲ ሲንከባከብ ከርሞ እንዲህ ይነገረዋል? ያልኩትን ለማስተካከል ስል ሌላ ጨመርኩ። "ግን መንገድ አለው። ሳያብብ በፊት ከቆረጥነው፣ ልቡን አውጥተን ሥሩን ከቀበርነው፣ ብዙ ልጅ ያወጣል። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚራባው።"

"ሠርተሽው ታውቂያለሽ?"

"ብዙ ጊዜ!" አልኩ። እውነቱን ለመናገር እናቴ ስትሠራው ቆሜ አይቻለሁ፣ ፍግም ተሸክሜያለሁ።

ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት ውሃውን አጠጥተው ወደ ላይ እያዩ ይቆማሉ። አንድ ማታ በራችንን አንኳኩ። "ከነጭራሹ ከምትጠፋ ልጆች ቢኖሯት ይሻላል። እርግጠኛ ነሽ አይደል?" እርግጠኛ ነኝ አልኩ። በዚያን ጊዜ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ነገር አልነበረም።

እናቴ ይህን ሥራ የምትሠራው በታኅሣሥ ነው፤ ስለዚህ እኔም ታኅሣሥን ጠበቅኩ። በአንድ ቅዳሜ ባሌ መጋዝ ተከራይቶ መጣ። በሆሊውድ አንድ ሆቴል መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ከመሪ በቀር እጁ የለመደው መሣሪያ የለም። ግንዱ በውሃ የተሞላ ነውና መጋዙ በገባ ቁጥር እየተረጨ ከአናቱ እስከ ጫማው አራሰው። እንሰቱ ዘንበል ሲል ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። እትዬ ከላይ በረንዳ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላበዛው ነው፣ እትዬ!"

"ገድለሽ?"

ተንበርክኬ የሥሩን ልብ በቢላና በማንኪያ ቦረቦርኩ፤ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞላሁት፤ ከላይ አፈር አለበስኩት። ሽማግሌው የሚስታቸውን የአትክልት ወንበር አምጥተው ከጉብታው አጠገብ አስቀመጡ። "መቼ ነው የሚወጡት?" አሉኝ። "ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት" አልኩ፣ የግብርና ሚኒስትር ይመስል።

ዝናቡ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ጀምሮ ዝናብ የሚባለውን እንደ ዘመድ ጥየቃ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ሲል ነበር የማውቀው። በቤተ ክርስቲያናችን ስንት እሑድ ጌታ ሆይ ዝናብ ስጠን እያልን ጮኸናል። እነሆ ሰጠን። ቀን ዘነበ፣ ሌሊት ዘነበ፣ ፌርፋክስ ላይ ጎርፍ ወረደ። ጉባኤው በእልልታ ሲያመሰግን እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ "በቃ፣ በቃ፣ ይበቃል" እያልኩ እጸልያለሁ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። በእናቴ አገር ታኅሣሥ ማለት በጋ ነው። የተቀበረው ሥር በደረቅ አፈር ውስጥ አርፎ ይከርምና፣ ዝናቡ ሲመጣ ነው ልጆቹን የሚያወጣው። በዚህ አገር ግን ዝናብ ካለ የሚመጣው ልክ በታኅሣሥ ነው። ድርቁ አታሎኝ የእናቴን ወር ይዤ መጣሁ፣ ሰማዩን ግን ረሳሁት።

"ሶ አሁን ምን ልናደርግ ነው? ሰውየው ሱ ቢያደርጉን፣ ፍርድ ቤት ቢያቆሙንስ?" አለ ባሌ።

"ለእንሰት?"

"ለሚስታቸው እንሰት!"

ይህን ብሎ ሲያበቃ ከሥራ ቦታው ሊጣል የነበረ፣ እንግዳ የሚያሳልፉበት ትልቅ ጃንጥላ ለምኖ መጣ። ጉብታው ላይ ተከልነው። በነጋታው ሳይ ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነፋሱ እንዳይወስደው የጃንጥላውን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እትዬ ከላይ አዩና "እናንተ ጴንጤዎች ጮክ ብላችሁ ስለምትጸልዩ ቶሎ ይሰማል። በይ አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ አስቁሚው" አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ሁለት ወር አለፈ፤ ሦስተኛውም። ምንም የለም። ዝናቡ ሲያባራ ጉብታው መሽተት ጀመረ። ሽማግሌው አካፋ ይዘው መጡና አብረን ቆፈርን። ሥሩ ወጣ። ግማሹ ጠቁሮ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ላሽቋል፤ ጣቴ ዝም ብሎ ይገባበታል።

"አለቀ ማለት ነው?" አሉኝ።

ለዚህም መልስ አፌ ላይ ነበረኝ። ግን ፊታቸውን ሳይ ጠፋብኝ። "አላውቅም" አልኩ።

"እስካሁን ከነገርሽኝ ሁሉ ያመንኩሽ አሁን ነው" አሉኝ። ሳቃቸው መጣ፤ እኔም እንባዬን በጭቃ እጄ እየጠረግሁ ሳቅሁ።

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩላት። "በዝናብ ቀበርሽው?" ስትል ድምፅዋ ግቢው ውስጥ ሁሉ ተሰማ። "ጭንቅላትሽንስ የት ቀበርሽው?" ስድቡን ጨርሳ ሥራውን ነገረችኝ። ነጩ እስኪመጣ ድረስ የበሰበሰውን ቁረጪ፣ የተቆረጠውን አመድ ቀቢው፣ ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ አሳድሪው፣ አፈሩ ለእጅሽ ሞቅ ሳይልሽ አትቅበሪው። አመዱን ከሽማግሌው የሥጋ መጥበሻ ምድጃ አገኘን። ደረቅ ቦታ ተብሎ የተገኘው ላውንድሪ ክፍሉ ነበር። ያ የተረፈ ግማሽ ሥር፣ አመድ ተቀብቶ፣ ልብስ ማድረቂያው ማሽን ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሰነበተ። ኮሪያታውን ከሚባለው ሰፈር፣ ከዘመዶቹ ዘንድ የመጣ የላይኛው ፎቅ ልጅ "ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ይሄ ምግብ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ከታገሥከው አዎ" አልኩት።

አፈሩ ሲሞቅ መልሰን ቀበርነው። በዚህኛው ጊዜ ስለ ወራት ትንፍሽ አላልኩም። ፋሲካ መጣ፤ እትዬ ድፏቸውን በፎይል ጋገሩ። የእኛ ጉብታ ዝም እንዳለ ነው። ከሥራ ስመለስ ወደዚያ ላለማየት በጀርባ በር መግባት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት በራችን ሊሰበር ደረሰ። ሽማግሌው በፒጃማ፣ አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንዱ ባዶ። ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ጉብታው ጫፍ ላይ፣ አፈሩን ሰንጥቆ፣ ትንሽ ቀይ ቀንድ የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል።

"አረም ነው?" አሉኝ። ፈርተዋል።

"አረም አይደለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አጎንብሼ በደንብ አየሁት፤ ዳሰስኩት። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና "ባለቤቴ ብትኖር በአካፋ ነበር የምትመታሽ" አሉ። "ከዚያ አንዱን ለእኔ ስጪኝ ትልሽ ነበር።"

በዚያ ሳምንት ሌላ ወጣ፤ በሚቀጥለውም። ከዚያማ እየተገፋፉ፣ ጡት ለመጥባት እንደሚጋፉ ግልገሎች ጉብታውን ሞሉት። ባሌ ሥራ ቦታው ሄዶ አወራ፤ ቫን ናይስ የሚኖር ጓደኛው መጥቶ አንድ ወሰደ። እትዬ "የማላውቀውን ነገር ምን ላደርገው" እያሉ በረንዳቸው ላይ በባልዲ ተከሉ፤ ማታ ማታ ሲያወሩለት እሰማቸዋለሁ። ለአውራው እንሰት ቦታ የሚተከለውን ሽማግሌው ራሳቸው መረጡ። የመረጡት ትልቁን ሳይሆን ጠማማውን ነው። "እሷም ትንሽ ጠመም ትል ነበር" አሉኝ። በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ያ ጠማማ ልጅ ዓይናችን እያየ ተመነደገ።

በቀጣዩ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ እትዬ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ሽማግሌው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ አንድ ረጅም የኮባ ቅጠል እንደ ነጠላ ጣል ተደርጓል። በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ያበራል።

"ውሉ እንዳለ ነው ወይ? ጠይቂልኝ" አሉኝ።

መተርጎም አላስፈለገም። እትዬ እጃቸውን በፎጣ እንኳ ሳይጠርጉ ቅጠሉን ተቀብለው ሳሙት። ከዚያ ነው ማልቀስ የጀመሩት፣ እያለቀሱም ምድጃውን ለኩሰው ቅጠሉን ለብለብ አደረጉት።

በፋሲካ ጠዋት ሽማግሌውን ግቢ ውስጥ፣ በሚስታቸው ወንበር ላይ አገኘናቸው። እትዬ ቁራጭ ዳቦ በሳህን ሰጧቸው። ሽማግሌው ገለበጡት። መስመሮቹ ከጫፍ ጫፍ ታትመዋል። በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ሲከተሏቸው የኖሩት መስመሮች ናቸው። "ፈርማበታለች" አሉ። ቀጥለውም ዳቦውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እትዬ ክንዳቸውን ያዟቸው።

"ንገሪያቸው" አሉኝ። "ዳቦ ይበላል እንጂ አይቀመጥም። ለከርሞም ቅጠል አለ በያቸው።"

ነገርኳቸው። ሽማግሌው እንሰቱን ቀና ብለው አዩት፤ መሐረቡን ፈቱና ገመጡ።