የአክስቴ ዝምታ በባዶው መቃብር

በቤተ ክርስቲያናችን የፋሲካ ድራማ በየዓመቱ የሚያልቀው አንድ ዓይነት ነበር። ሴቶቹ ከባዶው መቃብር እየሮጡ ይመጣሉ፣ መነሣቱን ያበሥራሉ፣ ጉባኤው እልል ይላል። ዘንድሮ ድርሰቱን እንድጽፍ ሲሰጠኝ አራቱንም ወንጌላት ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኩ። በአንዱ ወደ መቃብር የመጣችው ሴት አንዲት ናት፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ከዚያም በላይ። መልአኩም አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ይሆናል። እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ወንጌል ነው። በጥንታዊዎቹ ቅጂዎች ታሪኩ የሚያበቃው ሴቶቹ ፈርተው ሲሸሹና ለማንም ሳይናገሩ ሲቀሩ ነው። ድራማዬም እዚያው ላይ እንዲያበቃ ወሰንኩ።

መጋቢያችን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። በፋሲካ ቀን ሰው አንገቱን ደፍቶ ከወጣ፣ ከእንግዲህ የምጽፈው ድራማ እንደማይኖር ረጋ ብለው ነገሩኝ። ለመዘመር ድምፅ፣ ለመስበክ ድፍረት ላልተሰጠኝ ለእኔ ሌላ መድረክ የለም።

ይባስ ብሎ ከመቃብሩ የምትሸሸዋን ሴት ሆና የምትሠራው አክስቴ ነች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ደንበኛ ስትጠራ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ዞር ይላሉ።

በልምምዱ ቀን በወንጌሉ እንደተጻፈው ነጭ የለበሰው ወጣት በስተቀኝ መቀመጥ አለበት ብዬ፣ ቀኙ የምትገባው ሴት ቀኝ ነው ወይስ የጉባኤው እያልኩ ወንበሩን ሳመላልስ፣ አክስቴ የሽቶ ዕቃዋን ታቅፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ ወንበሩን ተወውና ይሄን ንገረኝ» አለችኝ። «ለማንም ካልተናገሩ፣ ጸሐፊው ከማን ሰማ?»

ወንበሩን አስቀምጬ እስከ በሩ ድረስ ቃል እንዳትተነፍስ ቃል አስገባኋት።

የፋሲካ ዕለት ቃሏን ጠበቀች። ከካርቶን የሠራነው መቃብር ውስጥ ገባች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፣ በጉባኤው መካከል ሮጣ በበሩ ተሰወረች። እልልታ የለም። ሰዉ ትመለሳለች ብሎ በሩን ያያል፣ መጋቢው እኔን ያያሉ፣ እኔ ካርቶኑን።

ከዚያ ድምፅዋ ከውጭ ተሰማ። ደጅ ተሳፋሪ የሚጠብቁትን የባጃጅ ሾፌሮች ይዛ ነበር።

«ራሴ ገብቼ አየሁ እኮ ነው የምላችሁ፣ መቃብሩ ባዶ ነው!»

«ሰው ሰርቆት እንዳይሆን፣ እናቴ» አላት አንዱ።

ይህ የመቃብሩ ጠባቂ ወታደሮች ያስወሩት ወሬ በመጀመሪያው ወንጌል አለ፤ ወታደር የሚሆን ሰው አጥቼ ነበር የሰረዝኩት። ጉባኤው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጅ ጎረፈ። የዘንድሮ እልልታ መንገድ ላይ ሆነ።

መጋቢው አክስቴን ድርሰቱ እንዲህ ይል እንደሆነ ጠየቋት።

«የእሱ ድርሰት በሩ ላይ አለቀ» አለች። «ከበሩ ወዲያ የእኔ ነው።»

ለከርሞም እንድጽፍ ተፈቅዶልኛል። መጋቢው ያስጠነቀቁኝ፣ ወንጌላቱን ጎን ለጎን ከመዘርጋቴ በፊት አሞራ ገደል አክስቴ ዘንድ ደርሼ እንድመጣ ብቻ ነው።